ይድረስ ለሰዓቴ ቀለበት

ለክቡር በሰዓቴ ጠርዝ ላይ ለሚሽከረከሩት ቀለበት
ካሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ግማሽ ጠቅታ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ዛሬ ጠዋት እስካየሁዎት ድረስ ደህና ነበርኩ።

ሰዓቱን የገዛሁት ርካሽ ስለሆነ ነው። አልደብቅም። የጠላቂ ሰዓት ነው፤ ፊቱ ላይ «200 ሜትር» የሚል ተጽፎበታል። ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው የተለመደ ገደቡ 40 ሜትር ነው። እኔ እስካሁን የጠለቅኩት እስከ ክርኔ ነው፤ እሱም ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ። ቢሆንም ትርፉን ሜትር ሁሉ በኩራት ተሸክሜ እዞራለሁ። ቅሬታዬ ከሜትሩ ጋር አይደለም። ከእርስዎ ጋር ነው።

ያቺ ሦስት ማዕዘንዎ 12 ላይ ቀጥ ብላ መቆም ነበረባት። አልቆመችም። ወደ ቀኝ ዘመም ብላለች። አንዴ ጠቅ ሳደርግዎት ደግሞ 12ን ዘልላ ወደ ግራ ታልፋለች። መሀል የሚባል ነገር አታውቅም።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። (አዎ፣ ሥራ ፈትቼ ነበር።) ሙሉ ዙርዎ 120 ጠቅታ ነው። አንዷ ጠቅታ 3 ዲግሪ ናት። እርስዎ የሳቱት በግማሿ ነው፤ 1.5 ዲግሪ። በጊዜ ሲመነዘር 15 ሴኮንድ። ሰዓቱ ራሱ አውቶማቲክ (ያለ ባትሪ፣ በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላ) ስለሆነ በቀን 20 ሴኮንድ ገደማ ይቀድማል። እሱን ይቅር ብዬዋለሁ። አይታይማ! እርስዎ ግን በየደቂቃው ዓይኔ ውስጥ ነዎት። ሌሊት እንኳ አይተዉኝም። ሦስት ማዕዘንዎ ላይ የተቀባችው ነጥብ ጨለማ ውስጥ ቦግ ብላ ታበራለች፤ እንደዘመመች።

ልመልስዎት ስል ደግሞ ወደ ኋላ አይሉም። አንዲት ጠቅታ ካሳለፍኩ ሌላ 119 ጠቅታ መዞር አለብኝ። መጀመሪያ ትዕቢት መስሎኝ ነበር። ለካ ሕይወት አድን ጠባይ ኖሯል። ጠላቂው ውሃ ሲገባ ሦስት ማዕዘኗን ከደቂቃ ጠቋሚው ፊት ያቆማል። ጠቋሚው ከእሷ በራቀ ቁጥር ስንት ደቂቃ እንደቆየ እርስዎ ላይ ያነባል። ታች ሳለ የሆነ ነገር ነክቶ ቢያዞርዎት፣ የሚዞሩት ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለሆነ፣ ከቆየው በላይ የቆየ ይመስለዋል። ስለዚህ ቀደም ብሎ ይወጣል፤ አየሩ ሳያልቅበት። ብልህ ዘዴ ነው፤ ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሳልዎት ነበር።

የዘር ሐረግዎንም አላቃልልም። እ.ኤ.አ. በ1953 ሰዓት ሠሪው ብላንፔን «ፊፍቲ ፋዘምስ» የተባለውን የጠላቂ ሰዓት፣ ሮሌክስም «ሰብማሪነር»ን ሲያወጡ የሚዞር ቀለበት በሁለቱም ላይ ነበር። ትልቅ ቤተሰብ ነው። ግን ከትልቅ ቤተሰብም አንድ ዘማማ አይጠፋም።

ይህ ብልህ ዘዴ እኔ ላይ የሠራውን ልንገርዎት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አምስት ደቂቃ ብቻ ላናግርህ» አለኝ። ከጠረጴዛው ሥር ቀስ ብዬ አዞርኩዎትና ሦስት ማዕዘኗን ከጠቋሚው ፊት አቆምኩ (በግምት፣ እርስዎ በፈቀዱልኝ መጠን)። ሲጨርስ 38 ደቂቃ አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ማስረጃ ተገኘ። ለሰው ሁሉ አወራሁ። በኋላ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ጋር ሳስተያየው የሰውዬው ወሬ 26 ደቂቃ ነው። ቀሪዎቹን 12 ደቂቃዎች የጨመረው የሹራቤ እጅጌ ነው። ሲገፋዎት ዝም ብለው ሄዱለት! 24 ጠቅታ ሲሄዱ አንዷን እንኳ አልሰማሁም። ሌላ ጊዜ እኮ አንዲት ጠቅታዎ ስብሰባ ታስቆማለች።

እውነቱን እንነጋገር። የዛሬ ጠላቂ ጥልቀቱንና ጊዜውን የሚያሰላለት ኮምፒውተር እጁ ላይ አስሮ ነው የሚወርደው። እርስዎ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ሆነዋል። እኔ ዘንድ ደግሞ ክፉ ቀን ማለት ሳፋው የሞላ ዕለት ነው። ስለዚህ የቀረዎት ሥራ አንድ ነው፤ ቀጥ ብሎ መታየት። እሷንም አልቻሉ።

ባለፈው እሑድ ትዕግሥቴ አለቀ። የሰዓቱን ጠርዝ በፕላስተር ሸፈንኩና በቀጭን ቢላ ከሥር ፈልቅቄ አነሳሁዎት። ከሥርዎ ያለችው ጠቅ የምታደርገው ቀጭን ስፕሪንግ ብድግ ብላ በረረች። ሶፋው ሥር በደረቴ ተኝቼ በስልኬ መብራት ስፈልግ ባለቤቴ መጣች።

«ምን ጠፋህ?»

«15 ሴኮንድ።»

ምንም ሳትል መብራቱን አብርታልኝ ሄደች።

ስፕሪንጓ ተገኘች። ወደ ቦታዋ መለስኳት፣ እርስዎንም በአውራ ጣቴ ተጭኜ ገጠምኩዎት። ቀጭ አሉ። አየሁዎት። ወደ ቀኝ ዘመም። ንቅንቅ አላሉም፤ ለካ ከሥር ያሉት ጥርሶች ከመጀመሪያውም የተቆረጡት እንደዚያ ኖሯል።

ከድካሜ የተረፈኝ ቢላው ሲያዳልጠኝ ጠርዙ ላይ ያሰመራት አንዲት ጭረት ናት። ጭረቷ በትክክል 12 ላይ ናት።

ከሰላምታ ጋር
ደረቁ ጠላቂ

ግልባጭ፦
ለደቂቃ ጠቋሚው
ለሹራቤ ግራ እጅጌ