ሕጉ ከጸደቀ በኋላ የተነሳችው መርከብ

የብሪታንያ ፓርላማ የባሪያ ንግድን የከለከለበት ሕግ በንጉሡ የጸደቀው እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1807 ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም የባርነት ሰለባዎችን በየዓመቱ የሚያስበው በዚሁ ዕለት ነው። ዕለቱ መታሰቡ ተገቢ ነው። ሆኖም ከዚያ አራት ወር ቆይታ፣ ጁላይ 27 ቀን፣ ሰዎችን ገዝታ ለመጫን ከሊቨርፑል ወደብ የተነሳች «ኪቲስ አሚሊያ» የምትባል ባለ ሸራ መርከብ አለች። ጉዞዋ ሕጋዊ ነበር፤ የእኔም ቅሬታ ከዚህ ይጀምራል።

ሕጉ እስከ ሜይ 1 የመነሻ ፈቃድ ያገኙ መርከቦች ጉዟቸውን እንዲቀጥሉ፣ የጫኗቸውንም ሰዎች እስከ ማርች 1 ቀን 1808 እንዲያራግፉ ይፈቅድ ነበር። የኪቲስ አሚሊያ ባለቤቶች ወረቀታቸውን አስቀድመው በመጨረሳቸው መርከባቸው በሕግ ጥላ ሥር ከሊቨርፑል የወጣች የመጨረሻዋ የባሪያ መርከብ ለመሆን በቃች። አዛዧ ካፒቴን ሂው ክሮው በዛሬዋ ናይጄሪያ ጠረፍ ወደምትገኘው ቦኒ ሲደርስ ከእሱ ቀድመው ተራ የሚጠብቁ መርከቦች አገኘ። ነጋዴው ሁሉ የመጨረሻ ገበያው እንዳያመልጠው ይጣደፍ ነበርና። በመርከቧ ላይ ወረርሽኝ ገብቶ ከምርኮኞቹም ከመርከበኞቹም ብዙዎች አለቁ፤ ባሩድ በተከማቸበት አካባቢም እሳት ተነሥቶ ነበር። የተረፉት በ1808 መጀመሪያ በጃማይካ ኪንግስተን ለሽያጭ ቀረቡ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው በአብዛኛው ካፒቴኑ ከሞተ በኋላ በ1830 ከታተመው የራሱ ማስታወሻ ነው። ክሮው እስከ መጨረሻው ለንግዱ ጥብቅና የቆመ ሰው ነበር። ቀደም ባለው አንድ ጉዞው ደግሞ ከመንግሥት ሽልማት ተቀብሏል፤ በ1788 የወጣው ሕግ ከመቶ ምርኮኛ ከሁለት በላይ ያልሞተበት አዛዥ 100 ፓውንድ እንዲሸለም ያዝዝ ነበርና። በዚህ ስሌት ከመቶው የሁለቱ ሞት ሽልማት አያስቀርም ማለት ነው። ከእሱ ጋር በመርከቧ ሆድ ውስጥ ከታጨቁት ሰዎች ግን አንዳቸውም ስለዚያ ጉዞ የተናገሩት ቃል በማስታወሻው አጠገብ የለም።

የእፎይታ ጊዜው ምክንያት አይጠፋኝም። ዕቃ ተገዝቷል፣ መርከበኛ ተቀጥሯል፣ ገንዘብ ወጥቷል፤ ነጋዴው በድንገት አይክሰር ተባለ። ነገር ግን አንድን ድርጊት ወንጀል ነው ብሎ ለፈረደ ምክር ቤት የወንጀሉን ማብቂያ በነጋዴው የሒሳብ መዝገብ መቁጠር አይገባውም ነበር። በ1807 መገባደጃ ቦኒ ላይ የተሸጠ ሰው ለነጋዴው ኪሳራ መካሻ ሆኖ ሄዷል።

ይህ አካሄድ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም አልተለወጠም። ባርነት ራሱ በ1833 ሲሻር 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ የተመደበው ለባሪያ ባለቤቶች ነው፤ ነፃ ለወጡት ሰባራ ሳንቲም አልተሰጠም። እንዲያውም አብዛኞቹ «የልምምድ ሠራተኛ» ተብለው ለቀድሞ ጌቶቻቸው ያለ ደመወዝ እንዲሠሩ ተገደዱ። ለካሳው ከተወሰደው ብድር ጋር የተያያዘው ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው።

ስለዚህ 1807ን የሚያስተምር መጽሐፍም ሆነ ሙዚየም ከሕጉ ጋር የኪቲስ አሚሊያን ጉዞ አብሮ ሊያቀርብ ይገባል። በ1808 ኪንግስተን ላይ የተሸጠ የአሥር ዓመት ልጅ ቢኖር፣ በሕይወት ቆይቶ ሙሉ ነፃነቱን ያገኘው ኦገስት 1 ቀን 1838፣ በአርባ ዓመቱ ነው።