ለክቡር ሃይድሪላ፣ ለውሃ ውስጥ አረሙ፣ አሜሪካ ዋሽንግተን አጠገብ የፖቶማክ ወንዝ የኬላ ኃላፊ

ባሉበት

ጉዳዩ፦ የአሳ ማጥመጃ የላስቲክ ትሌን ያለ አግባብ ስለመያዝዎ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው ብዬ አልጠይቅም። ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ወደ ታች ያለውን ውሃ ያየ ሰው ጤናዎን ያውቀዋል። ውሃው ሲሞቅ በቀን ሁለት ሴንቲ ሜትር ከምናምን እያደጉ ከጭቃው ይነሳሉ። ነሐሴ ላይ ሰው ፍልሰታን ሲጾም እርስዎ ይወፍራሉ። ከዚያ ውሃው ላይ ተንጣለው የመጣውን ሁሉ "ቁም! ፍተሻ!" ይላሉ።

እኔ ቅዳሜ ከሥራ ሳርፍ ባስ የምትባለውን አሳ ፍለጋ የምመጣ ተራ ሰው ነኝ። ዘንግ አለኝ፣ ክር አለኝ፣ ከፍዬ ያወጣሁት ፈቃድ አለኝ። እርስዎስ ምን አለዎት? እኛ እዚህ አገር የገባነው ዲቪ ሞልተን፣ አሻራ ሰጥተን፣ ራጅ ተነስተን፣ ኤምባሲ በር ላይ ፀሐይ መትቶን ነው። የእርስዎ ወገን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከእስያ ፍሎሪዳ የገባው የአሳ ማስቀመጫ መስታወት ማስዋቢያ ተብሎ ነው። ያስዋቡትን እያየን ነው። እዚህ ፖቶማክ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ዳይክ ማርሽ የሚባለው ረግረግ አካባቢ ተገኙ። ማን ፎርምዎን ተቀበለ? ማን አሻራዎን አነሳ? ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ጀልባ ማለፍ አቅቶት የማጨጃ ማሽን ወጣልዎ። ሲያጭዱዎት ደግሞ ከቁራጭዎ ሌላ ይበቅላል። ጭቃ ውስጥ የቀበሩት ፍሬ መሳይ ስር ዓመታት ቆይቶ ይነሳል። በግሪን ካርድ የገባ ሰው ቤተሰቡን ለማምጣት ስንት ዓመት እንደሚጠብቅ ቢያውቁ ያፍሩ ነበር።

ጣና ላይ እምቦጭ የሚባል አለ። የሥጋ ዝምድና የላችሁም። እሱ የደቡብ አሜሪካ ሰው ነው፣ ይንሳፈፋል፣ ሐምራዊ አበባም ያወጣል። እርስዎ አበባ አለዎት ቢባል እንኳ ለማየት መነጽር ያስፈልጋል። ጠባያችሁ ግን አንድ ነው። እዚያ ሕዝቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅለዋል። እኔ እርስዎን የምነቅለው በመንጠቆ ነው፣ ያውም ሳልፈልግ።

ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

ጫፉ የተገለጠ መንጠቆ ይዞ እርስዎ ደጃፍ የመጣ ሰው ታሪኩ አጭር ነው። ይወረውራል። ትንሽ ይስባል። ዘንጉ ይጎብጣል፣ ልቡ ይመታል፣ "መጣች!" ብሎ ይጮኻል። ጎረቤት አጥማጁ ሁሉ ዞሮ ያያል። የመጡት እርስዎ ነዎት። ውሃ የሚያንጠባጥብ ግማሽ ኪሎ ጎመን። ባለቤቴ በር ስትከፍት የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "ዛሬስ አሳ ነው ጎመን?" "ጎመን በጤና" ብዬ ጫማዬን አወልቃለሁ።

እንግዲህ ሰው ኮንትሮባንድ የተማረው በእርስዎ ምክንያት ነው። እንዴት እንደምናሳልፍ በግልጽ እነግርዎታለሁ። ኬላ ኃላፊ ነዎት፣ መቼም ሳይሰሙ አልቀሩም።

ዕቃው የላስቲክ ትል ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ኒክ ክሪም የሚባል ሰው ኦሃዮ ውስጥ፣ አክረን ከተማ፣ ቤቱ ኩሽና ውስጥ ላስቲክ አቅልጦ ትል ሠራ። በኋላ ወደ ቴክሳስ ሄደ። እዚያ ሐይቁ ውስጥ የሰመጠ ዛፍና አረም ሞልቷል። ስለዚህ መንጠቆውን ትሉ ውስጥ የመደበቁ ዘዴ ቴክሳስ ሪግ ተባለ። እኔ የምይዛት ግራብ የምትባለዋን ነው። አጭር ናት፣ ወፍራም ናት፣ ጭራዋ የተጠቀለለ ነው። ስትሳብ ጭራዋ ይርገበገባል፣ ባሷም ያን አይታ ዝም ማለት አትችልም። (በነገራችን ላይ ይቺን ትል ያገኙት የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ወርውሮ መሄድ አይቻልም። አንዳንዱን ሳጥን ታቀልጠዋለች። ከሌላ ቀለም ጋር ካደረች ደግሞ ሁለቱም መልካቸው ይጠፋል።)

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ክሩ ላይ ጥይት ቅርጽ ያላት ክብደት ትገባለች፣ ሹል አፍንጫዋ ወደ ፊት። ይቺ አፍንጫ እርስዎን ገለጥ እያደረገች መንገድ ታወጣለች። ከእርስዎ በላይ ላዋኛት ያለ ሦስት ግራም ተኩል ይበቃዋል። ቀዳዳዎ ውስጥ ልጣላት ያለ ሰባት ግራም ያስፈልገዋል። ክብደቷ ልቅ ከሆነች ግን ኬላዎ ላይ እሷ በአንድ በኩል፣ ትሏ በሌላ በኩል ተለያይተው ይቀራሉ። ስለዚህ ቀዳዳዋ ላይ የስቴኪኒ ስባሪ ይሸጎጥና ይቆረጣል።

ቀጥሎ አንገቱ የታጠፈ መንጠቆ ይታሰራል። አስር ሴንቲ ለምትሆን ግራብ ቁጥሩ ሁለት ዜሮ ወይም ሦስት ዜሮ ቢሆን ጥሩ ነው። ሆዱ ሰፊ ይሁን። ትሏ ወፍራም ስለሆነች ባሷ ስትነክሳት የምትታመቅበት ቦታ ትፈልጋለች። ቦታ ካጣች መንጠቆው እንደተደበቀ ይቀራል፣ ባሷም ቀምሳ ትተፋታለች።

አሁን ዋናው መጣ። የመንጠቆው ጫፍ በትሏ አናት መሃል ለመሃል ግማሽ ሴንቲ ያህል ይገባና በሆዷ በኩል ይወጣል። መንጠቆው እስከ አንገቱ ይሳባል፣ ከዚያ ይገለበጣል። ጫፉ የት እንደሚደርስ ትሏ ጎን ላይ ይለካል። በዚያው ልክ በሆዷ ገብቶ በጀርባዋ ይወጣል። ጀርባዋ ላይ ተጋድሞ ቆዳዋን በስሱ ቆንጠጥ ያደርግና ይሸሸጋል። እርስዎ ሲዳስሷት ለስላሳ ጀርባ ያገኛሉ። ሹል ነገር የለ፣ መሳሪያ የለ። "እለፊ!"

ለዚህ ሥራ ዳኛችን ጋሼ ናቸው። ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ከእኛ ሁሉ ቀድመው ወንዙ ዳር ይደርሳሉ። ማንም ሰው ትል ሰክቶ እሳቸውን ሳያሳይ አይወረውርም። ክሩን ይዘው ትሏን ያንጠለጥሏታል፣ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

"አንተ ልጅ፣ ይቺ ወገቧ ታሟል።"

"የቱ ጋ ነው ጋሼ?"

"አውጣና እንደገና ስካት። ጎብጣ ከሄደች ትሽከረከራለች። ክርህን ተብትባ ነው የምትመለሰው።"

እውነታቸውን ነው። ትሏ ቀጥ ካላለች መዋኘቷ ቀርቶ መዞር ትጀምራለች። ጋሼ በዚህ አይቀልዱም። የሚቀልዱት ስለ ጆርጅ ፔሪ ሲነሳ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጂያ ውስጥ አስር ኪሎ ያህል የምትመዝን ባስ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 ማናቡ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ ቢዋ ሐይቅ ላይ እኩል ወጣ እንጂ የሰውየውን ክብረ ወሰን በግልጽ የሰበረ የለም። ጋሼ ግን እሷን የምታስንቅ ከእርስዎ ውስጥ አምልጣኛለች ይላሉ። የዓይን ምስክር እርስዎ ብቻ ነዎት። እባክዎ ዝም ይበሉልን።

ታዲያ ይህን ሁሉ አድርገን እናልፋለን? መንጠቆው አዎ። ጭራዋ ግን ጉድ ሠራችን። ማሸጊያው ላይ "አረም አይዛትም" ብሎ የጻፈው ሰው ጭራዋን አላማከራትም። ተጠቅልላ የተሠራች ስለሆነች ቅርንጫፍዎን ስታገኝ እቅፍ ታደርገዋለች። ሌላው ምክትልዎ ነው፤ ያ ዝልግልግ አልጌ። እሱ መንጠቆም ጭራም አይፈልግም። የክሩ ቋጠሮ ላይ ይቀመጣል፣ ወንበር ያገኘ ሹም ነው፣ ማንም አያስነሳውም። ለእሱ የተፈጠረ ዘዴ የለም፤ በጣት ጠርጎ እንደገና መወርወር ብቻ።

ደግሞ ባሷ ስትነክስ ያለውን ጣጣ ይዩ። መንጠቆው መጀመሪያ ላስቲኩን መብሳት ስላለበት ዘንጉን ጠበቅ አድርጎ መሳብ ግድ ነው። ባሷ ደንግጣ ትሮጣለች። ወዴት? ወደ እርስዎ! ጭንቅላቷን እርስዎ ጉያ ውስጥ ትቀብርና ትቆማለች። ደግነቱ ተሰባሪ ነዎት፤ የተጎነጎነ ወፍራም ክር ያለው ሰው እየቆራረጠዎት ያወጣታል። የምትወጣው ግን ጋቢ ለብሳ ነው። አንድ ኪሎ አሳ፣ ሦስት ኪሎ እርስዎ። ያን ሁሉ ገፍፌ ስጨርስ ባሷን መልሼ እለቃታለሁ። ባለቤቴ ይሄን ክፍል እስካሁን ልትረዳልኝ አልቻለችም።

ለፍትሕ ሲባል በፋይልዎ ውስጥ የሚገባ ነገር አለ። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ይህ ወንዝ ያሳፍር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፕሬዝዳንት ሊንደን ጆንሰን የአገር ውርደት ብለውታል። ፍሳሹ እየተጣራ ውሃው መጽዳት ሲጀምር እርስዎ መጡና ደለሉን አረጋጉት። ሌሎች የውሃ ተክሎች ተመለሱ፣ ዳክዬዎች መጡ፣ ባሱ በዛ። ባሷም ብትሆን የዚህ ወንዝ ተወላጅ አይደለችም። የአጎቷ ልጅ፣ ትንሽ አፍ የሚሏት፣ እ.ኤ.አ. በ1854 በባቡር ሞተር የውሃ ጋን ተጭና ከተራራው ማዶ ሜሪላንድ፣ ካምበርላንድ የገባች ናት። እሷም ቪዛ አልነበራት።

እና ክቡርነትዎ፣ የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ጸደይ ላይ ዝናብ በዝቶ ውሃው ከደፈረሰ ብርሃን ታች አይደርስም፣ እርስዎም አይበቅሉም። እንዲህ ያለ ዓመት ሲመጣ ወንዙ ወለል ብሎ ክፍት ነው። መንጠቆ የሚይዝ የለም፣ ፍተሻ የለም። ደስ ሊለን አይገባም? ሰዉ ግን ለቅሶ ይቀመጣል። "አረሙ የት ሄደ? ባሱ የት ይደበቅ?" ቀኑን ሙሉ ንጹሕ ውሃ ላይ ንጹሕ ትል እየሳብን ንጹሕ መንጠቆ ይዘን እንመለሳለን። ጋሼ እንኳ፣ ሲራገሙዎት የኖሩት ሰውዬ፣ "ምነው ቀረ ያ የተረገመ" ብለው ወደ ውሃው አተኩረው ያያሉ።

ስለዚህ ሂዱልኝ አልልም። የምለምነው ቀላል ነው። ጠርዝዎ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይኑርዎ፤ ባሷ እዚያ ትቆማለች፣ እኔም በጎን እወረውራለሁ። መሃል መሃል ላይ ትል የሚወድቅበት ቀዳዳ ይተዉ። ምክትልዎን አልጌን ወደ ሌላ ወረዳ ያዛውሩልኝ። በጀልባ ማሳረፊያው በኩል ደግሞ በጭራሽ አይምጡ፤ እዚያ እግርዎ ሲገባ ማጨጃው ይመጣል፣ ማጨጃው ሲመጣ የእኔም ቅዳሜ ያልቃል።

አመልካች
ጫማው ያልደረቀ አጥማጅ፣ አሌክሳንድሪያ

ግልባጭ፦

ለወይዘሮ ባስ፣ ከኃላፊው ጉያ ወጥተው ምስክርነት እንዲሰጡ፤

ለትል አምራቹ ድርጅት፣ ማሸጊያው ላይ ስለ ጭራዋ አንድ መስመር እንዲጨምር፤

እ.ኤ.አ. በ2004 ፖቶማክ ላይ ለተገኘው አሳ ለአቶ ስኔክሄድ፣ ትሌን ከነመንጠቆው ቆርጦ ስለ ወሰደ የእሱ ጉዳይ በሌላ ደብዳቤ የሚታይ መሆኑን እንዲያውቀው።