ክርክር፦ የድሮ የፒያኖ መድረክ ቅጂ ጸድቶ ይቅረብ ወይስ እንዳለ?

ጥያቄው ድሬዳዋ ላይ ፒያኖ ለሚማሩ ወጣቶች የማድመጫ ምሽት ሲዘጋጅ የትኛው ዓይነት ቅጂ ይቅረብላቸው የሚል ነው። ተከራካሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዷ ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር፣ አንዱ ከሐረር ጀጎል። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከከዚራ፦ ይጸዳ ባይ ነኝ። የሶቪየቱን ፒያኒስት የሪችተርን፣ ቡልጋሪያ ውስጥ ሶፊያ ላይ በ1958 ያቀረበውን ኮንሰርት ውሰዱ። የሙሶርግስኪን «የኤግዚቢሽን ሥዕሎች» እንደዚያ ምሽት የተጫወተ ሰው አላውቅም። ግን ወሩ ፌብሩዋሪ፣ እዚያ የብርድ ወቅት ነው፤ ታዳሚው ሳሉን አያቆምም። ቅጂው ሞኖ (ባለ አንድ የድምፅ መስመር) ነው፣ «ሽሽሽ» የሚለው የቴፕ ድምፅም አለበት። ድሬ ላይ ደግሞ ቬንትሌተር ሳይከፈት አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጥ የለም። ሁለቱ ሲደመሩ ለስለስ ያለው ክፍል ይዋጥና ተማሪው ጆሮ የሚደርሰው ፎርቴው፣ ማለትም ጮክ ብሎ የሚመታው ክፍልና ሳሉ ብቻ ይሆናል።

ከጀጎል፦ እህቴ፣ ሳሉን ስታወጪ ምን አብሮ እንደሚወጣ ልንገርሽ። ፔዳል ተረግጦ ድምፁ ቀስ እያለ ሲከስም፣ ሳሉና የክሮቹ ርግብግቢት ያሉት በአንድ የድምፅ ክልል ውስጥ ነው። ሳል ማጥፊያው ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። የቴፑን «ሽሽሽ» በ12 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ስትቀንሺ ደግሞ መዶሻው ክሩን ሲመታ ያለችው ስለት ትደነዝዛለች።

ከዚህ የሚብሰው «የማያስፈልግ» እየተባለ የሚቆረጠው ነው። ሩማኒያዊው ፒያኒስት ሊፓቲ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1950 ፈረንሳይ ውስጥ ቤዛንሶን ላይ የመጨረሻ ኮንሰርቱን ሲያቀርብ በጠና ታሞ ነበር። የባኽን 1ኛ ፓርቲታ (የተከታታይ ጭፈራዎች ድርሰት) ከመጀመሩ በፊት፣ ድርሰቱ በተጻፈበት በቢ ፍላት ቅኝት አጭር አርፔጆ፣ ማለትም ተራ በተራ የሚመቱ የኮርድ ድምፆች፣ እየነካ ጣቱን ሲያሟሽ ይሰማል። ያቺ ቅጽበት ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ናት፤ ፒያኖውንም አዳራሹንም የሚፈትነው በእሷ ነው። ከሾፐን 14 ቫልሶች 13ቱን ተጫውቶ አቅም አጣ፤ ዲሴምበር 2 ቀን በ33 ዓመቱ አረፈ። ፒያኒስቱ ሆሮዊትዝም ከመድረክ ርቆ ከ12 ዓመት በኋላ ሜይ 9 ቀን 1965 ወደ ኒውዮርኩ ካርኔጊ አዳራሽ ሲመለስ፣ ባኽ ለኦርጋን ጽፎት ቡዞኒ ለፒያኖ ባዘጋጀው ቶካታ መክፈቻ ላይ ጣቱ ስቷል፤ ግን ሳያቆም ቀጠለ። ያኔ የወጣው ሸክላ አንዳንድ ቦታ ተጠግኖ ነበር፤ ያልተነካው የወጣው በ2003 ነው። ተማሪዎቻችን መስማት ያለባቸው ይሄኛውን ነው።

ከከዚራ፦ አቦ፣ የሳተ ኖታ ይጠገን መቼ አልኩ? የሆሮዊትዝ ስህተትም የሊፓቲ አርፔጆም ባሉበት ይቆዩ። እኔ የምለው ጽዳት የሚጀምረው ከማጫወቻው ነው። ሪሉን (ቴፑ የተጠቀለለበትን) በጎኑ ወደ ብርሃን ያዘው፤ ብርሃን ካሳለፈ አሲቴት የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ነው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ መበስበስ ጀምሯል፣ የእኛ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። እንዲህ ያለውን ቴፕ ማሞቅ አይታሰብም፤ ማሞቅ የሚያድነው በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ተሠርተው ማጣበቂያቸው እርጥበት የጠጣውን ነው።

ቀጥሎ የማንበቢያውን ሄድ (ድምፁን ከቴፑ የሚያነበውን ክፍል) ዘንበል እያደረግህ፣ ከፍተኛው ድምፅ በጣም ጠርቶ የሚሰማበት ላይ አቁመው። ሄዱ ከተጣመመ ቅጂው ይታፈናል፤ ብዙ ሰው ያንን በኢኳላይዘር (ቀጭንና ወፍራም ድምፅን ለየብቻ በሚያጎላ መሣሪያ) ለማካካስ ሲሞክር አብሮ የሚያጎላው ያንኑ የቴፕ «ሽሽሽ» ነው። ከዚያ ፍጥነቱን አስተካክል፤ በ6 በመቶ ከፈጠነ ድምፁ ግማሽ ቶን ያህል ይወጣል፣ የቢ ፍላቱ ፓርቲታ በቢ ይሰማል። ማጣሪያ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ እሱም 3 ወይም 4 ዴሲቤል ብቻ። የተቀነሰውን ለብቻው አድምጠው፤ እዚያ ውስጥ ዜማ ከተሰማህ አብዝተሃል ማለት ነው።

ከጀጎል፦ በሄዱና በፍጥነቱ ክርክር የለኝም፤ እሱ ጥንቃቄ እንጂ ጽዳት አይባልም። 3 ዴሲቤሉ ግን ለምን? ድምፅ ማጉያውን ከ4 ሜትር ወደ 2 ሜትር አቅርቢው፤ አንድም ነገር ሳትቆርጪ እስከ 6 ዴሲቤል ታገኛለሽ።

ከከዚራ፦ ማጉያው ሲቀርብ የቴፑም «ሽሽሽ» እኩል ይቀርባል። እሱ የሚያሸንፈው ቬንትሌተሩን ነው እንጂ ቴፑን አይደለም። ያልተነካው ፋይል በከፍተኛ ጥራት፣ በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርትዝ ለብቻው ይቀመጥ፤ አዳራሽ ውስጥ የሚከፈተው ግን የጸዳው ነው።

ከጀጎል፦ ሁለቱም ይከፈቱ። መጀመሪያ ያልተነካው።