የድሮ ፐብ ስም አይነካ

በእንግሊዝ አሮጌ ፐብ (የሰፈር መጠጥ ቤት) ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት አንዳንዴ ስሙን ይቀይረዋል። ዘመናዊ ስም ገበያ ይስባል ይባላል። እኔ ግን በዚህ ነገር አልስማማም። ታፔላው ላይ ያለው ስም የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩም ነው።

«ማርኩዊስ ኦፍ ግራንቢ» የሚባሉትን ፐቦች እንውሰድ። በዚህ ማዕረግ የሚጠራው ሰው ጆን ማነርስ የተባለ የእንግሊዝ ጄኔራል ነው። እ.ኤ.አ. በ1760 በዋርበርግ ጦርነት ፈረሰኞቹን እየመራ ሲጋልብ ባርኔጣውና ዊጉ ወደቁ። ሳይቆም፣ በመላጣ ራሱ ጠላት ላይ ገባ። ወታደሮቹ ግን የወደዱት ለጀግንነቱ ብቻ አልነበረም። ለቆሰሉ የበታች ሹማምንቱ መጠጥ ቤት መክፈቻ ገንዘብ ይሰጥ እንደነበር ይነገራል። እነሱም ቤታቸውን በስሙ ጠሩት። ጄኔራሉ በ1770 ሲሞት ዕዳ ነበረበት። ይህን ክብር የሰጡት አብረውት የተዋጉት ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ስም ለገበያ ተብሎ ሲወርድ ያሳዝነኛል።

«ሮያል ኦክ» (የንጉሥ ኦክ ዛፍ) የሚባለው የፐብ ስምም እንደዚሁ ነው። ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ በ1651 ዉስተር ከተማ ላይ፣ ክሮምዌል በሚመራው የፓርላማ ጦር ተሸነፈ። ሸሽቶም ቦስኮቤል አጠገብ የኦክ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ተደበቀ። ወታደሮች ጫካውን እያሰሱ ነበር። ለያዘው 1,000 ፓውንድ ተመድቦ ነበር፤ ያኔ እጅግ ብዙ ገንዘብ ነው። የደበቁት የፔንድሬል ወንድማማቾች ተራ ገበሬዎች ነበሩ፤ አሳልፈው አልሰጡትም። በ1660 ንጉሡ ወደ ዙፋኑ ሲመለስ ዛፉ በየመንገዱ ታፔላ ላይ ወጣ። ታፔላውን ሳይ ከንጉሡ ይልቅ ትዝ የሚሉኝ እነዚያ ወንድማማቾች ናቸው።

በፐብ ታፔላ ላይ የሚታየው «ነጭ አጋዘን» የንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድ ምልክት ነበር። ንጉሡ በ1399 ከዙፋን ተባረረ፤ አጋዘኑ ግን እስከ ዛሬ ተሰቅሏል። በሮቢን ሁድ ስም የሚጠሩ ፐቦችም አሉ፤ ይህ የተረት ጀግና በእርግጥ ስለመኖሩ ግን ማስረጃ የለም። ታዲያ ምን አለበት? ሕዝብ የወደደው ተረትም ቦታ ይገባዋል።

ሁሉም ስም ይቆይ ማለቴ አይደለም። ግሪን ኪንግ የተባለው ኩባንያ በ2021 «ብላክ ቦይ» (ጥቁር ልጅ) ከሚባሉ ፐቦቹ የሦስቱን ስም እንደሚቀይር ሲያስታውቅ ትክክል ነበር። ሰውን የሚያዋርድ ስም ይውረድ። ግራንቢና ኦኩ ግን ማንንም አላስቀየሙም። ስማቸውን መቀየር የሚፈልግ ባለቤት ታፔላውን ከማውረዱ በፊት ቢያንስ የሰፈሩን ሰው ይጠይቅ።