ማስተካከያ፦ ኦቻ አስተባባሪ እንጂ አዛዥ አይደለም

በደብረ ብርሃን ስላሉ ተፈናቃዮች ባወጣነው ጽሑፍ «የረድኤት ድርጅቶች ሁሉ በኦቻ ትእዛዝ ይሠራሉ» የሚል ሰፍሯል። ልክ አይደለም። ኦቻ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ ነው። ስብሰባ ይጠራል፤ ማን የት ምን እንደሚሠራ መረጃ ያሰባስባል፤ ክፍተቱን ያሳያል። ማንንም አያዝም። መሪነቱ የመንግሥት ነው፤ በፌዴራል ደረጃ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን አለ።

ድርጅቶቹ እ.ኤ.አ. ከ2005 በመጣው አሠራር በየዘርፉ ይቀናጃሉ። ጤናን የዓለም ጤና ድርጅት፣ ውሃና ንጽህናን ዩኒሴፍ ያስተባብራል። ስለዚህ መጠለያ ውስጥ ውሃ ሲጠፋ «ኦቻ የት ሄደ?» ማለት አድራሻ መሳት ነው።

ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም ገለልተኝነቱን ለመጠበቅ ሲል የዚህ አደረጃጀት አባል አይደለም። በታዛቢነት ስብሰባ ላይ መታየቱ ግን ብዙዎችን ያሳስታል።