የቴሌቪዥን ምጥ

ትናንት ማታም በተከታታይ ድራማው አንዲት ሴት ወለደች። ሆዷን ያዘች፣ ሁለት ጊዜ ጮኸች፣ ባሏ በኮሪደሩ ተንቆራጠጠ፣ ሕፃን አለቀሰ። አለቀ! ሦስት ደቂቃ እንኳን አልሞላም።

የእኔ የመጀመሪያ ምጥ 19 ሰዓት ፈጀ። ለበኩር ልጅ ይህ ብርቅ አይደለም፤ የማሕፀን በር 10 ሳንቲ ሜትር እስኪከፈት ሌሊቱ አይገፋም። ጎረቤቶቼ «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ ድምፃቸው ሰልሎ ነበር። በድራማው የእንሽርት ውሃ ሁልጊዜ ድንገት ይፈስና ምጥ ይጀምራል። የብዙዎቻችን ግን የሚፈሰው ምጡ ከተፋፋመ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ሕፃኑ ነው። ታጥቦ፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ የሦስት ወር ልጅ አክሎ ይመጣል። የእኔ ልጅ ደረቴ ላይ ሲያርፍ ገላው ነጭ ቅባት ለብሶ፣ ራሱ ሾጠጥ ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ አራስ በስክሪን አይቼ ስለማላውቅ «ልጄ ምን ሆነብኝ?» ብዬ አዋላጇ ላይ ጮኽኩባት። ጤነኛ መሆኑን እስክትነግረኝ ነፍሴ አልተመለሰችም።

እንግዴ ልጁስ የት ሄደ? እናትን የሚገድለው ከባድ መድማት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ልጁ ከወጣ በኋላ ነው። ካሜራው ግን በዚያ ሰዓት እናቲቱን ትቶ አባትን እንኳን ደስ ያለህ ሊል ኮሪደር ወጥቷል።