ይድረስ ለክቡር ክላች ሞተር

ባሉበት (ከመደርደሪያው ሥር፣ ማዳበሪያ ተከናንበው)
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ሰባት ወር ሙሉ ድምፅዎን ስላልሰማሁ ጆሮዬ አገግሟል፤ ሰው ሲጠራኝ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት ማለት ጀምሬያለሁ። ቀኝ እግሬም ፔዳል ላይ ሲያርፍ መንቀጥቀጡን ትቷል።

የቆዳ መስፊያ መኪናዬን በማዞር ሥራ ላይ የነበሩበትን ዘመን አንረሳውም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ማብሪያውን ከተጫንኩ በኋላ አንዲት ስፌት ባልሰፋም እርስዎ ሲዞሩ ይውሉ ነበር። ቆዳ ስቆርጥ ይዞራሉ፣ ማስቲሽ ስቀባ ይዞራሉ፣ ሽሮዬን ስበላ ይዞራሉ። ቆጣሪያችን የካርድ ስለሆነ መዞር ባይችልም እርስዎን እያየ ይቆጥር ነበር።

ትውውቃችን እንዴት እንደነበር ያስታውሱ ይሆን? ያኔ የነበረችኝ መኪና ጁኪ ዲዲኤል 8700 ነበረች፤ የልብስ ሰፊ ቤት ሁሉ የሚያውቃት። በደቂቃ እስከ 5,500 ስፌት መሄድ የምትችል፣ ለሸሚዝና ለሱሪ የተሠራች ጨዋ መኪና ናት። ቆዳ ሳቀርብላት ግን የታች ጥርሷ የታችኛውን ቆዳ ይዞ ሲሄድ የላይኛው ቆዳ ከላይ በሚጫነው እግሯ ሥር ተጣብቆ ይቀራል። እኩል አድርጌ የቆረጥኳቸው ሁለት ቆዳዎች ስፌቱ ሲያልቅ ታላቅና ታናሽ ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ እግሯም፣ መርፌዋም፣ ጥርሷም አብረው የሚራመዱ መኪና ፍለጋ መርካቶ ወረድኩ።

እዚያ ያደረግኩትን ጥንቃቄ ቢያዩ ያደንቁኝ ነበር። መዘውሯን በእጄ ቀስ ብዬ አዞርኩ። የመርፌ ዘንጓን ይዤ ነቀነቅኩ፣ ላላ ያለ እንደሆነ ብዬ። የመንጠቆዋ ጫፍ ተበልቶ እንዳይሆን በስልኬ መብራት አየሁ። እግሯ ምን ያህል እንደሚነሳ ለማየት ያመጣሁትን ቆዳ አጣጥፌ ከሥሯ አስገባሁ። ከጠረጴዛው በታች፣ እርስዎ ወደተንጠለጠሉበት ግን ዝቅ ብዬ አላየሁም። ሙሽራዋን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ መርምሬ፣ አማቷን ሳላይ ፈረምኩ።

ሻጩም አላታለለኝም፤ እንዲያውም በግልጽ አሳይቶኛል። አራት እጥፍ ጂንስ አስገብቶ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረገጠና «ስማ! ድምጿን ስማ! ፍጥነቷን አየህ?» አለኝ። አየሁ። ደስም አለኝ። «እስቲ አንዲት ስፌት ብቻ ስፋልኝና ቁም» ማለት ነበረብኝ። ለቆዳ የሚሆን ሞተር የሚመረጠው እንዴት እንደሚሮጥ ታይቶ አይደለም፤ እንዴት እንደሚዘገይ ታይቶ ነው። ይህን ያወቅኩት ግን ብሩን ቆጥሬ ከሰጠሁ በኋላ ነው።

ቤት ስንደርስ ሆድዎ ላይ የተለጠፈችውን ቆርቆሮ አነበብኩ። 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ በደቂቃ 2,850 ዙር፣ ግማሽ የፈረስ ጉልበት። ይህ ግማሽ ፈረስ የሚለው ነገር ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል። አሁን ገብቶኛል፤ የደረሰኝ ግማሽ የኋላው ነው፣ የሚራገጠው። ልጓም የሚገባበት የፊቱ ግማሽ ሌላ ሰው ቤት ነው።

ሒሳቡን አብረን እናስላው። ቺንጋው የሚዞርበት የእርስዎ ፑሊ 75 ሚሊሜትር፣ የመኪናዋ 90 ነው። ስለዚህ እርስዎ 2,850 ሲዞሩ እሷ በደቂቃ 2,375 ጊዜ ትወጋለች፤ በሰከንድ 40 ገደማ ማለት ነው። ስፌቱን 4 ሚሊሜትር ላይ ካደረግኩት በአንድ ሰከንድ 16 ሳንቲሜትር ይሄዳል። አንድ ሜትር ቀበቶ በ6 ሰከንድ ከምናምን! ቀበቶውን ያዘዘኝ ሰውዬ ሦስት ሳምንት ጠብቋል፤ ያቺን ስድስት ሰከንድ አሳጥሩልኝ ብሎ ማን ለመነዎት?

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እርስዎ ጋ እንቁላሉ እግር ሳያወጣ ተሰፍቶ ያልቃል።

ጨርቅ ቢሆን ግድ የለኝም። ጨርቅ ላይ ቢሳሳቱ ክሩን ፈትተው፣ ውሃ ረጨት አድርገው በካውያ ሲጫኑት ቀዳዳው ይጠፋል። ቆዳ ግን ቂመኛ ነው። የምጠቀምበት መርፌ 140 ቁጥር፣ በሌላው አቆጣጠር 22 የሚባለው ነው፤ ውፍረቱ 1.4 ሚሊሜትር። ጫፉም እንደ ጨርቅ መርፌ ክሩን ገፋ አድርጎ አያልፍም፣ እንደ ቢላ ቆርጦ ነው የሚገባው። የተቆረጠ ደግሞ አይመለስም። ቀዳዳዎቹ ከተጠጋጉ ቆዳው እንደ ቴምብር መስመሩን ይዞ ይቀደዳል፤ በተለይ የደጋ በጎቻችን ቆዳ፣ ያ ለጓንት ተብሎ ባሕር ማዶ የሚፈለገው፣ ቀጭን ስለሆነ በዚህ አይታማም።

ያቺን ማታ ላንሳት? ላንሳት። የአንድ ደንበኛ የላፕቶፕ ቦርሳ ነው፤ ሰውዬው በነጋታው በረራ አለው። ሦስቱ ማዕዘን አልቋል፣ አራተኛው ላይ ሦስት ስፌት ቀርቶኛል። ሦስት! ትንፋሼን ይዤ ፔዳሉን በጣቴ ጫፍ ነካ አደረግኩ። ምንም። ትንሽ ጨመርኩ። ምንም። የፀጉር ያህል ጨመርኩና አሥራ አራት ስፌት ሰፉልኝ። ሦስቱ የኔ ናቸው፤ አሥራ አንዱ ማዕዘኑን ዘለው ኪሱ ላይ ወጡ። ስማ አንተ፣ ማን መሆንህን ነው… ይቅርታ፣ ይስሙኝ እርስዎ። አሥራ አንድ ቀዳዳ የሚሸፍን የቅጠል ቅርጽ ያለው ቆዳ ቆርጬ ለጠፍኩበት። ጠዋት ደንበኛው መጣና ቅጠሏን ዳሰስ አደረጋት። ልቤ ቆመ። «ይቺ በጣም ታምራለች፤ ለምን በሌላኛውም ጎን አላደረግክልኝም?» አለኝ። እስከ ዛሬ ያንን ቦርሳ በቅጠሉ የሚያዙኝ አሉ። ለዚህ ምስጋና ከጠበቁ ግን ተሳስተዋል።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸውን መካኒክ ጠራሁ። በዚያው ስፌት ይዘል ስለነበር መጀመሪያ እሱን ያዙ። መርፌዋን ነቅለው በብርሃን አዩና «ይቺን ማን ሰጠህ? የሸሚዝ መርፌ እኮ ናት!» አሉኝ። እውነትም አንገቷ ቀጭን ነበር፤ ለኔ መኪና የሚገባው አንገቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ ነው፣ ያቺ ግን ብሎኗ በግድ ይዟት ጠማማ ቆማለች። ቀጥሎ በጎናቸው ተኝተው መዘውሩን በስንዝር በስንዝር እያዞሩ መንጠቆውን አስተካከሉ። መርፌው እስከ ታች ወርዶ 2 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ሽቅብ ሲመለስ፣ ያኔ የመንጠቆው ጫፍ ከመርፌው ዓይን ትንሽ በላይ ደርሶ ክሩን መንጠቅ አለበት፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ወረቀት ቢጤ ነው። የእግሩንም ጭነት ጨመሩ፣ ቆዳው ከመርፌው ጋር አብሮ እንዳይነሳ። ዝላዩ ቆመ። እኔም «እንግዲህ ተረፍኩ» ስል ጋሼ ፔዳሉን ረገጡ። ከዚያ እግራቸውን አነሱ። «መኪናዋ ደህና ናት ልጄ» አሉ፣ በካቻቢቴያቸው ወደ እርስዎ እያመለከቱ፤ «በሽታው ታች ነው።»

ስለዚህ ታች ወረድን። ሆድዎን ከፈትን። ለካ ዝም ብሎ የሚዞር ከባድ መዘውርና ፔዳሉ ሲረገጥ የሚነክሰው የቡሽ ሽፋን ያለው ዲስክ ናቸው፤ ሌላ ምስጢር የለዎትም። ቡሹ ደርቆ፣ ተፋጭቶ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ለዚህ ነው ምንም፣ ምንም፣ ከዚያ ድንገት ሁሉንም የሚሉት። በብርጭቆ ወረቀት አሸነው። ከፔዳሉ የሚመጣውን ዘንግም ክንድዎ ላይ ወደ ውጭኛው ቀዳዳ አዛወርነው፤ እግሬ ብዙ ተጉዞ እርስዎ ጥቂት እንዲሰሙ። ለሁለት ቀን ያህል ሰው መሰሉ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ቶርኖ ቤት ሄጄ 45 ሚሊሜትር ፑሊ አስቆረጥኩ። ስፌቱ በደቂቃ ወደ 1,425 ወረደ። ቺንጋው ረዘመ፣ ሌላ ገዛሁ፤ አዲሱ ትንሿን ፑሊ እየሳተ ይንሸራተት ጀመር። ተመልሼ ቶርኖ ቤት። የ50 እና የ150 ሚሊሜትር ፑሊዎች የተጣመሩበት መካከለኛ ዘንግ አሠራሁ፤ ፍጥነትዎ በሦስት ተካፍሎ 475 ሆነ፣ ጉልበትዎ በሦስት ተባዛ። አራት ድርብ ቆዳ እንደ ቅቤ ትወጋው ጀመር። ለመጀመሪያ ጊዜ ስፌቶቼን በዓይኔ ቆጠርኩ። ግን ሁለት ቺንጋ፣ አራት ፑሊ፣ እላዩ ላይ እርስዎ፤ ጠረጴዛው ራሱ በሰፋሁ ቁጥር ወደ በሩ መራመድ አመጣ። የከፈልኩትን ልደምር ደብተር አውጥቼ ነበር፤ ባለቤቴ ስትገባ ዘጋሁት።

እትዬንም ማንሳት ይገባል። ጎረቤታችን እንጀራ ጋጋሪ ናቸው፤ ምጣዳቸውን ሲሰኩ የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ቢጫ ይሆናል። እኔም በየዋህነት «ቮልቱ ሲወርድ ክቡር ሞተርም ዝግ ይላሉ» ብዬ ማዕዘን ማዕዘኑን ለጋገራ ሰዓት ማቆየት ጀመርኩ። እርስዎ ግን በዚህም ጠማማ ነዎት። ቮልት ሲቀንስ የሚወርደው ጉልበትዎ ነው፤ ያውም በእጥፍ ስሌት፣ ቮልቱ በ10 በመቶ ቢወርድ ጉልበትዎ በ19 ያህል። ጥድፊያዎ እንዳለ ነው። እየተጣደፉ ሄደው ወፍራሙ ቦታ ላይ መርፌዬን ቆዳው ውስጥ ተክለው ያቃስታሉ።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው ሰርቮ የሚባለውን፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘውን ሞተር የገዛሁት። እርስዎን በክብር ፈትቼ፣ ማዳበሪያ አልብሼ ከመደርደሪያው ሥር አስቀመጥኩ። ሰርቮው ወጣት ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ካልረገጡት አይዞርም። ፍጥነቱን በቁልፍ 300 ላይ አድርጌ አንድ ስፌት ስለው አንድ ይሰፋል፤ መርፌዋን ቆዳው ውስጥ አቁሞ እስክዞር ይጠብቀኛል። ደንበኞቼ «ሱቁ ተዘጋ እንዴ?» ብለው እስኪጠይቁ ድረስ ጸጥ አልን። ሰባት ወር እንደ ሰው ኖርኩ።

ባለፈው ማክሰኞ መብራት ሄደ። ሄዶ ቢቀር ምን ነበረበት፤ ሲመለስ ግን ተናዶ ነው የተመለሰው። የእትዬ አምፖል ፈነዳ፤ የኔ ሰርቮ መስኮቱ ላይ አንድ ፊደልና ሁለት ቁጥር ጻፈ፣ ትንሽ ጭስ አወጣና አረፈ። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና «ቦርዱ ተቃጥሏል፤ ከውጭ ካልመጣ አይገኝም» አለኝ። «መቼ ይመጣል?» አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ።

እርስዎ ቦርድ የለዎትም። መዳብ፣ ብረትና ቡሽ ነዎት። ቢቃጠሉ እንኳ ሞተር ጠምጣሚው እዚሁ አስፋልቱ ማዶ አለ። ያቺ ማክሰኞ ማታ የሆነውን እንኳ አልሰሙም፤ ማዳበሪያዎ ውስጥ ተኝተው ነበር። አሥራ ሁለት ቦርሳ ደግሞ ለዓርብ ቃል ገብቻለሁ።

ስለሆነም ከላይ «ጉዳዩ» ተብሎ የተጻፈው ተሰርዞ «ወደ ቀድሞ የሥራ ገበታዎ መመለስዎን ይመለከታል» ተብሎ እንዲነበብልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ካርድ ተሞልቷል። ቡሽዎ እንደገና ታሽቷል። ጠረጴዛው በአራት ብሎን ከወለሉ ጋር ታስሯል። ቀጥ ቀጥ ያለውን ስፌት ለእርስዎ ትቻለሁ፣ ማዕዘኖቹን እርስዎን አጥፍቼ መዘውሩን በእጄ እያዞርኩ እጨርሳለሁ። ነገ ጠዋት እትዬ ምጣዳቸውን ከመሰካታቸው በፊት ብንጀምር ደስ ይለኛል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ቦርሳ ሰፊው

ግልባጭ፦
ለጋሼ (ካቻቢቴያቸውን እንዳያርቁ)
ለእትዬ (ለመረጃ ያህል)
ለቀኝ እግሬ
ለሰርቮ ሞተር (ከመደርደሪያው ሥር፤ ማዳበሪያውን እንዲረከብ)